እትዬ ሐዋ አልጽፍም ያለችው መስመር

ጋሽ ታምሬ በሩን ሲያንኳኩ ገና ፊቴን አልታጠብኩም ነበር። የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል፤ እሳቸው ደግሞ የቆላ ሰው ናቸው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት የሚለብሷትን ስስ ሸሚዝ እንደለበሱ፣ ከላይ ነጠላ ብቻ ደርበው፣ ከንፈራቸው በብርድ ጠቁሮ ደጃፌ ላይ ቆመዋል። ከተማው የገቡት በዋዜማው ማታ ነበር። ቢሆንም መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዘው አድረው፣ እስኪነጋ ጠብቀው ነው የመጡት። ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው፤ ነገሩ ግን ገና ሳያቸው ገብቶኛል። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ በማለዳ ደጅህ ላይ ከቆመ ሰላም ሊልህ አልመጣም።

«ማን ነው?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። እሳቸውም ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ እጄን ያዙ።

«ሐዋ አረፈች» አሉ።

ደም ግፊቱ ነው አሉኝ። ቀትር ላይ አርፋ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀብራለች፤ በእስልምና ሬሳ አይቆይም። አለቀስኩ። እኔ ቶሎ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ የዚያን ጠዋት ግን ጋሽ ታምሬ ትከሻዬን ይዘው ብዙ ቆዩ። በለቅሶው መሀል «ለምን አልደወሉልኝም? ይህን ሁሉ መንገድ...» ብላቸው እንደተሰደበ ሰው ቀና ብለው አዩኝ።

«በስልክ?» አሉኝ። «የሐዋን ሞት በስልክ?»

እውነታቸውን ነው። እሷን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ የለበትም።

እትዬ ሐዋ ዘመዴ አይደለችም። ታፔላ ጻፊ ናት። በደሴ መንገድ ሸዋ ሮቢትን ያቋረጠ ሰው ሁሉ፣ ባያውቀውም፣ የእሷን እጅ አንብቧል። ጋራዡን፣ ሥጋ ቤቱን፣ ጎሚስታውን፣ «አልጋ አለ» የሚለውን ሁሉ የጻፈችው እሷ ናት። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው። የባነር ማተሚያ መጥቶ ሌሎቹ ታፔላ ጻፊዎች ብሩሻቸውን ሲጥሉ፣ እሷ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝታ በኮምፒውተርም መሥራት ጀመረች። ብሩሹን ግን አልጣለችም። ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ታጥቃ መሰላል ላይ ስትወጣ መንገደኛው ቆሞ ያያታል። እሷም ከላይ ሆና «ምን ታያለህ? ፊደል የማታውቅ ከሆነ ውጣና ላስተምርህ» ትለዋለች።

ሁልጊዜ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ትሸታለች። ጥፍር ላይ ቀለም ካለ ለሶላት የሚታጠቡት ዉዱ አይያዝም ትል ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሶላት በፊት ጥፍሮቿን አንድ በአንድ በጋዝ ታሻለች። ከሶላት ስትመለስ እንደገና ቀለም ውስጥ ትገባለች። «ሥራውን ጨርሰሽ ብትሰግጂስ?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳት። «ሥራ መች ያልቃል?» አለችኝ። መጀመሪያ የተዋወቅን ዕለት አንቱ ብያት ነበር። «እትዬ በለኝ፤ አንቱ ግን አትበለኝ» አለች። «አንቱ የተባለ ሰው ሲሳሳት አይነገረውም። እኔ ስሳሳት እንዲነገረኝ እፈልጋለሁ።»

ያገናኘን ቅሬው ነው። በእኛ አገር እድሩን ቅሬ እንለዋለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሰው ሲሞት የቅሬው ጠሪ ገና ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞረ ይጣራል፤ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት፣ ድንኳን የሚተክለውን ተራ ይናገራል። ጋሽ ታምሬ በጉልምስናቸው ጠሪ ነበሩ፤ ኋላ ሰብሳቢ ሆኑ። ሆኖም ጊዜው ከፋ። ሰዓት እላፊ መጣ፤ በጨለማ የሚጮህ ሰው ድምፁ ለማን እንደሚሰማና ማን እንደሚተኩስበት አይታወቅም። ጥሪው ቀረ። ሰው ጎረቤቱ ሞቶ ተቀብሮ ከሳምንት በኋላ ይሰማ ጀመር። ሽማግሌዎቹን ከተኩሱ ይልቅ ይህኛው ነበር ያሳፈራቸው።

አንድ ድርጅት ለቅሬው የስልክ መተግበሪያ ላሠራላችሁ አለ። ኮምፒውተር ተምሬ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሳልሄድ ገና ሸዋ ሮቢት ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ስለነበር ሥራው ለእኔ ደረሰኝ። መተግበሪያውን ሠራሁ። የቆላው ገበሬ ስልክ ግን አብዛኛው አሮጌ ነው፤ መተግበሪያ ጫንበት ብትለው አይጭንም። ስለዚህ በማንኛውም ስልክ የሚከፈት፣ ማንም የሚያነበው፣ ማንበብ የማይችለውም የሚሰማው ድረ ገጽ አስፈለገን። የመጀመሪያውን ሠርቼ ለጋሽ ታምሬ ሳሳያቸው ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «ምን ይላል?»

በማግስቱ እትዬ ሐዋን ይዘውልኝ መጡ።

እሷ ገጹን አየችው፤ ከዚያ ስልኬን ይዛ ወጣች። ተከትያት ስወጣ በእኩለ ቀን ፀሐይ መሀል፣ የሽንኩርት ጆንያ ከተደረደረበት አጠገብ ቆማ፣ እጇን እስከ መጨረሻው ዘርግታ ስልኩን ታያለች። ግራጫዎቹ ፊደሎቼ አንዳቸውም አይታዩም። «ይኸውልህ» አለችኝ፤ «ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጥላ ያለው ማን ነው? ሰው ሞትን የሚሰማው ማሳ ላይ ሆኖ ነው።» የእሷ መለኪያ አንድ ነበር፤ አባቷ ያስተማሯት ነው። ከሚሮጥ አይሱዙ ላይ ሆኖ ያልተነበበ ጽሑፍ አልተጻፈም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእሷ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረን መሥራት ጀመርን። እኔ የጀርባውን ሥራ፣ እሷ የሚታየውን። በጣም ተጣልተናል። እኔ የሚንቀሳቀስ ሥዕል አስገባለሁ፤ እሷ ታስወጣለች። እኔ ሰው እንዲወደው ብዬ አበባ አደርጋለሁ፤ እሷ «ይሄ ሠርግ ነው እንዴ?» ትላለች። ሰው ገጹን የሚወደው ሲጠቅመው ነው የሚል እምነት ነበራት። ስለዚህ የመስኖ ውሃ ተራ የማን እንደሆነ፣ የሮቢ ወንዝ መሙላት አለመሙላቱን፣ ሽንኩርት ጫኝ መኪና መቼ እንደሚነሳ ከጥሪው በታች እንድናስገባ አደረገች። ሰዉ ለውሃው ተራ ብሎ በየቀኑ ይከፍተዋል፤ በዚያው ሞትም ካለ ያያል። ይህ የእሷ ሐሳብ ነው፤ ገጹን በእግሩ ያቆመውም ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ ዓይኗን በሻሿ አስራ፣ ስልኩን ይዛ ጣቷን መስተዋቱ ላይ ስታንቀሳቅስ አገኘኋት። ማየት የማይችል ሰው ጥሪውን የሚያሰማውን ቁልፍ እንዴት እንደሚያገኘው ልታውቅ ነው። አላገኘችውም። ሻሿን ፈታ «አስፋው» አለች። አሰፋሁት። እንደገና አሰረች፤ እንደገና አላገኘችውም። በመጨረሻ ቁልፉ የገጹን ግማሽ ያዘ። የትም ብትነካ ጋሽ ታምሬ ይናገራሉ። እሳቸውን ድምፅ ማስቀዳት ደግሞ የራሱ ፍዳ ነበረው። ስልኩን አፋቸው ሥር አድርገን «ቀስ ብለው ይናገሩ» ስንላቸው፣ ከኮረብታ ኮረብታ እንደሚጣራ ሰው ይጮኻሉ። እትዬ ሐዋ «ጋሽ ታምሬ፣ አጣዬ ድረስ በስልክ ይሄዳል እኮ፤ በአንቱ ጉሮሮ አይደለም» ብላ በሳቅ ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው።

አሁን ወደዚያች መስመር ልምጣ።

እኛ ዘንድ መርዶ ወግ አለው። ልጁ፣ ወንድሙ ወይም እናቱ የሞተበት ሰው በመንገድ አይነገረውም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ ማለዳ ቤቱ ሄደው፣ አስቀምጠው ይነግሩታል። የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይኖራል። ገጹ ከመሠራቱ በፊት ግን አንድ ክፉ ነገር ደርሷል። የሰፈሩ ሰዎች በስልክ በሚጻጻፉበት ቡድን ላይ አንዱ ችኩል የሟቹን ፎቶ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። የሟቹ እህት ገበያ መሀል ማሾ እየሸጠች ስልኳን ከፈተች። እትዬ ሐዋ ከገበያው ማዶ መሰላል ላይ ነበረች። ሴትየዋ ማሾው ላይ ተደፍታ አፈሩንና እህሉን እየዛቀች ራሷ ላይ ስትነሰንስ፣ ሰው ደግሞ ምን እንደሆነች ሳያውቅ ቆሞ ሲያያት አየች። ወርዳ ያቀፈቻት እሷ ናት። «እብድ መስላቸው ሸሿት» አለችኝ። «ስንት ዘመዶቿ በዚያ ገበያ ነበሩ። ማን ያውቃል ምን እንዳነበበች?»

ስለዚህ አብረን ስንጀምር የመጀመሪያው ቃሏ ይህ ነበር፤ ገጹ መርዶ አይነግርም። ሰው ሲሞት ጋሽ ታምሬ ጥሪውን በድምፃቸው ቀድተው ከመልቀቃቸው በፊት መርዶ ያልደረሰውን ቤት ይመርጣሉ። ሰው ገጹን የሚከፍተው በቅሬው በተመዘገበ ስልኩ ስለሆነ፣ የዚያ ቤት ሰዎች በሽማግሌ እስኪነገራቸው ድረስ ጥሪው ለእነሱ አይደርስም። ቅሬው ሁሉ ይሰማል፣ ለመርዶው ይቀጣጠራል፣ ባለ ሐዘኑ ግን ገጹን ቢከፍት ምንም አያይም። ይህን ማድረግ ለእኔ ቀላል ነበር። ያከራከረን፣ ባለ ሐዘኑ ገጹን ሲከፍት በጥሪው ፈንታ ምን ይይ የሚለው ነው።

ሞት በሌለበት ቀን ከገጹ አናት ላይ በአረንጓዴ «ዛሬ የቅሬ ጥሪ የለም» የሚል መስመር ይወጣል። እኔ ለባለ ሐዘኑም ያው መስመር ይውጣለት አልኩ። ጋሽ ታምሬም ተስማሙ። እትዬ ሐዋ የያዘችውን ብሩሽ አስቀመጠች።

«ውሸት ነዋ!»

«ለአንድ ሌሊት ነው፣ ሐዋ» አሏት ጋሽ ታምሬ። «እኛስ መርዶ ልንነግር ስንሄድ ‹ትንሽ አሞት ነው› እንል የለም እንዴ?»

«እሱ በአፍ ነው፤ ያልፋል። እኔ በእጄ ነው የምጽፈው። ጋራዥ ብዬ ከጻፍኩ እዚያ ቤት ጋራዥ አለ፤ ሰው አምኖኝ ነው መሪውን የሚያዞረው። ሞት እያለ የለም ብዬ አልጽፍም። ወላሂ አልጽፍም።»

«ታዲያ ምን ይጻፍ?»

«ምንም። መስመሩ ይቅር። የውሃ ተራው ከፍ ይበልና ቦታውን ይሙላ። አንድ መስመር ጎደለ ብሎ ማን ይቆጥራል?»

እንዳለችው ሆነ። ባለ ሐዘኑ ገጹን ሲከፍት የመስኖውን ተራ፣ የወንዙን ወሬ፣ የመኪናውን መነሻ ያያል። ውሸት የለበትም፤ እውነቱም የለበትም። ከሥራዎቿ ሁሉ በዚህኛው ትኮራ ነበር። ማንም ሳይጠረጥር ብዙ ሰው በዚያች ገጽ ላይ ሰላም አድሮ ጠዋት በወጉ መርዶውን ተረድቷል። የዚያ ዓመት ጥሪ ብዙ ነበር፤ አብዛኛው ደግሞ በሕመም የሞተ ሰው አልነበረም። ጋሽ ታምሬ ስልኩ ላይ መጮህ ተዉ። ድምፃቸው ዝቅ እያለ ሄደ።

እትዬ ሐዋ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ከሁለት ልጆቿ ሌላ የቅርብ ዘመድ የላትም። ኑሩ ሽንኩርት የሚያመላልስ አይሱዙ ሾፌር ነው፤ አፉ እንደ እናቱ ስለታም የሆነ፣ ሱቁ በር ላይ ጥሩንባ ሳይነፋ የማያልፍ ልጅ። ሰዓዳ አሊዩ አምባ ከተማ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ወሯ ገብቷል፤ እርግዝናው ግን ደህና አልነበረም። እግሯ ያብጣል፤ ራሷን ያማታል። እናትየዋ የሁለቱንም ነገር በየቀኑ ታነሳለች። ስለ ኑሩ መንገዱን፣ ስለ ሰዓዳ ምጡን ትፈራለች። ፀሐይ ዘንበል ስትል ከሚሰገደው ከዐስር ሶላት በኋላ ስልኳን ይዛ ፀሐይ ላይ ትወጣና ገጹን ትከፍታለች። አረንጓዴዋን መስመር ስታይ «ተመስገን፤ ዛሬ ሁሉም ቤቱ ይገባል» ትላለች። ይህ የየቀን ልማዷ ነበር።

የዚያን ቀን ከዐስር በፊት ስልኬ ጥሪ መኖሩን ነገረኝ። እትዬ ሐዋ ለአንድ ወፍጮ ቤት ታፔላ እየጻፈች ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ወጥቼ ከግንቡ ጥግ ቆምኩና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። ጋሽ ታምሬ ናቸው።

«የሐዋ ልጅ ኑሩ... አጣዬ ሳይደርስ መንገድ ላይ በጥይት ተመቷል። አርፏል። መንገዱ ስለተዘጋ እዚያው ያሉ ሰዎች አጥበው፣ ከፍነው፣ ቀብረውታል። ነገ ጎህ ሲቀድ ሐዋ ደጅ እንገናኝ። እስከዚያው አፋችንን እንያዝ፤ እባካችሁ።»

ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከመኪናው ዘሎ ያመለጠው ረዳት ነው ለጋሽ ታምሬ የደወለላቸው፤ እሱም ጥይቱ ከወዴት እንደመጣ አላየም።

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ፤ ቁልፎቹን ዝም ብዬ እነካለሁ። እትዬ ሐዋ ስለ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት ስስት ታወራለች፤ እኔ «እ» እላለሁ። ወጉ ይህን ያዝዛል፤ እሷም ራሷ ይህንኑ ነው ያስተማረችኝ። አዛን ተባለ። ጥፍሯን በጋዝ አሻሸች፤ ሰገደች፤ ስልኳን አንስታ ወጣች።

በበሩ በኩል አያታለሁ። እጇን ዘረጋች። አነበበች። ጣቷን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ገጹን እንደገና ከፈተችው። ስልኩን በሻሿ ጠረገችው። እንደገና ከፈተችው። የውሃ ተራው ከአናት ላይ ነው። በቅሬው ውስጥ ካሉት ቤቶች ሁሉ የዚህን ትርጉም የምታውቅ ሴት አንዲት ብቻ ናት።

ተመልሳ ገባች። ቀና ብዬ አላየኋትም።

«አንተ ልጅ» አለችኝ። «ገጹ አልተበላሸም አይደል?»

አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

«ተው፤ አትመልስልኝ። በወጉ ይንገሩኝ።»

በወፍጮ ቤቱ ታፔላ ላይ ግማሽ የቀረው ፊደል ነበር። ቀለሙ እንዳይደርቅ ብላ ጨረሰችው። ብሩሾቿን አጠበች፤ ሱቋን ዘጋች፤ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔም ልከተላት አልደፈርኩም።

በማግስቱ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ደጇ ተሰበሰብን። ወንዶቹ፣ ሴቶቹ፣ ሼሁም፣ ቄሱም አሉ። መርዶ ሲነገር ባለቤቱ ከእንቅልፉ ነው የሚነሳው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን ነው የሄድነው። የግቢው በር ግን ክፍት ነበር። ግቢው ተጠርጓል። ሰሌን ተነጥፏል፤ ወንበር ያለው ሁሉ ከቤት ወጥቶ በተርታ ተቀምጧል። እሷ ጥቁር ሻሽ አስራ የቤቷ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ስልኳ ጭኗ ላይ ነው፤ ጠፍቷል።

ጋሽ ታምሬ መሀል ግቢ ላይ ቆሙ። ብዙ መርዶ የነገሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማቸውም።

«ይቀመጡ ጋሽ ታምሬ» አለች።

ማንም አልተቀመጠም።

«ማንኛው ነው?»

«ሐዋ...» አሉ።

«ሞት እንዳለማ አውቃለሁ። ከትናንት ጀምሮ አውቃለሁ። ከሁለቱ ማንኛው እንደሆነ ብቻ ነው የማላውቀው። ኑሩ ነው ሰዓዳ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የጎደለው መስመር ቤቷ ውስጥ ሞት መኖሩን ነግሯታል፤ የማን እንደሆነ ግን አልነገራትም።

«ኑሩ ነው» አሉ ጋሽ ታምሬ።

«ሰዓዳስ?»

«ሰዓዳ ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ ልትመልሰው የፈለገች ትመስላለች። ከዚያ ጮኸች። ሴቶቹ ሮጠው ያዟት።

ሐዘኗን ጨርሳ ወደ ሱቋ ስትመለስ ከስታ ነበር። ሥራ ትሠራለች፤ ግን መሰላል ላይ ሆና ከመንገደኛ ጋር መነታረኩ ቀረ። ከዐስር በኋላም ስልኳን ይዛ መውጣቱን ተወች። ሰዓዳ በሰላም ወለደች፤ ወንድ ነው። ስሙን ኑሩ ይሉታል ብዬ ስጠብቅ እትዬ ሐዋ አይሆንም አለች። ምክንያቱን ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ ራሷ ጀመረችው።

«ስልኩ እጄ ላይ ነበር» አለች። «መደወል እችል ነበር። ለኑሩ ደውዬ ካነሳ፣ ሰዓዳ ናት ማለት ነው። ለሰዓዳ ደውዬ ካነሳች፣ ኑሩ ነው። የማንኛቸውንም ድምፅ መስማት ፈራሁ። የልጅን ድምፅ መስማት ተፈርቶ ያውቃል? አጠፋሁት።»

ምሳዬን ወደ ጎን አደረግኩ።

«ከዚያ ዱዓ ያዝኩ። ምን ብዬ ዱዓ እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ሰዓዳ ሁለት ነፍስ ናት አልኩ። ጌታዬ፣ እሷን ተውልኝ፣ እሷን ብቻ ተውልኝ አልኩ። እስኪነጋ ድረስ። የሌላ ሰው ስም አልጠራሁም። ግን ሌላ ማን ነበር?»

«እትዬ፣ እሱ እኮ ያኔ አርፏል» አልኳት። «ከቀትር በፊት ነው። ያንቺ ዱዓ ምንም አላመጣበትም። አላህም ይህን ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል» አለች። «ኑሩ ግን አያውቅም።»

ኮምፒውተሩ በርቶ ገጹ ፊታችን ተከፍቶ ነበር። ብዙ አየችው።

«መስመሩን መልሰው» አለችኝ።

«የቱን?»

«አረንጓዴውን። መርዶ ባልደረሰው ቤት ገጽ ላይ። እንደ ሌላው ቀን፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ቦታ።»

መጀመሪያ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ከዚያ ሥፍራውን ከፈትኩላት። ልጽፍ ስል እጄን ገፋ አደረገች፤ ወንበሯን ወደ እኔ ስባ ቁልፎቹን በአንድ ጣቷ እየፈለገች ራሷ ጻፈችው። ዛሬ የቅሬ ጥሪ የለም።

ልከራከራት ፈልጌ አልነበረም። ስትሳሳት እንዲነገራት የምትፈልግ ሴት ስለሆነች ብቻ ነው የተናገርኩት።

«ውሸት ነው እኮ፣ እትዬ» አልኳት።

«ውሸት ነው» አለች። «ይተኙበት።»